እምቢ የማይባል ልመና

ወረቀቱን የሰጠችኝ ልጅ "አሥራ አምስት ደቂቃ አለሽ፣ ማስታወሻ መያዝ ይቻላል፣ ስልክ መንካት ግን አይቻልም" ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ እኔም መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ከአንድ ብርጭቆ ውሃና ከአምስት ጥያቄዎች ጋር ቀረሁ። ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም። ማሞቂያው ሲበራ ሲጠፋ፣ ሲበራ ሲጠፋ እየሰማሁ ነጋ፤ ጠዋት አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ሳየው ጨው መስሎኝ ክው አልኩ፣ አሁን አሁን ነጭ ነገር ሁሉ ጨው ይመስለኛል። እንቅልፍ የነሳኝ የፈተና ፍርሃት ቢሆን ደግ ነበር። አልፈራሁም። የሚጠይቁኝን አውቀዋለሁ፤ መልሱን ሁለት ዓመት ሙሉ ስደጋግመው ስለኖርኩ ከንፈሬ እኔን ሳያስፈቅድ ለብቻው ይለዋል። አንደኛው ጥያቄ ስለ ዕቅድ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ቡድን ሥራ፣ ሦስተኛው ደግሞ፦ "የአንድን ማኅበረሰብ ነፃ ፈቃድ ያገኙበትን አጋጣሚ ይግለጹ። የእርስዎ ድርሻ ምን ነበር?" ይኸውልሽ ቴሬቲያ። በልክሽ የተሰፋ ጥያቄ። ምናልባት በእውነትም በልኬ ተሰፍቶ ይሆናል፣ ምክንያቱም ጥያቄውን ካወጡት አንዷ ፊሊፓ ናት፣ አለቃዬ፣ ያን ቀን አብራኝ የነበረችው፣ እስከ ዛሬም አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር "ቴሬቲያ እኮ ግማሽ ቀን የፈጀብንን ስብሰባ በሁለት ደቂቃ ቋጨችው" እያለች የምታወራልኝ። ሥራው ቋሚ ነው። ያንን የኔን ዘዴ ይዤ ወደ ሌሎች አራት ደሴቶች እንድሄድ ነው የሚፈልጉት። ካላገኘሁት እስከ ዛሬ እየታደሰ የቆየው ውሌ በሰኔ መጨረሻ ያልቃል፣ ከውሌ ጋር ቪዛዬ ያልቃል፣ እኔም ወደ መንደሬ ተመልሼ የሠራሁትን ነገር በየቀኑ እያየሁ እኖራለሁ።

እዚህ አገር መልስ አራት እግር አለው፦ ሁኔታው፣ ኃላፊነትሽ፣ ያደረግሽው፣ ውጤቱ። አንዱ ከጎደለ ነጥብ ይጎድላል። ደግሞም "እኛ" አይባልም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ የቀረብኩ ለት ግማሽ ሰዓት ሙሉ እኛ፣ እኛ ስል ቆይቼ ወደቅኩ፣ በኢሜይል "የእርስዎ የግል አስተዋጽኦ ግልጽ አልሆነልንም" ብለው ጻፉልኝ። ምን ግልጽ ይሆናል፤ በኛ አገር በማኔያባው፣ በመንደሩ መሰብሰቢያ ቤት ውስጥ፣ "እኔ" ብሎ ንግግር የሚጀምር ሰው ቢኖር አሮጊቶቹ ከኋላ ሆነው "ሌላው ሁሉ አልቆ ነው አንተ ብቻህን የቀረኸው?" ይሉታል፣ ስሙም ያው ሆኖ ይቀራል። እኔ ግን ተማርኩ። አንድ ወር ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ እኔ አስተባበርኩ፣ እኔ መራሁ፣ እኔ አሳመንኩ ስል ከረምኩ፣ ለመድኩትም። ዓይን በጨው ከታጠበ የማይለመድ ነገር የለም።

እሺ፣ ሁኔታው። ሁኔታው የሚጀምረው ከአውሮፕላኗ ነው። ልጅ ሆኜ ከዋና ከተማችን ከታራዋ በሳምንት ሁለቴ የምትመጣው ትንሽ አውሮፕላን ሜዳው ላይ ስታርፍ መንደሩ ሁሉ ነቅሎ ይወጣል፣ ከሆዷም ሰፊ ኮፍያ ያደረጉ፣ ደብተር የታቀፉ ሰዎች ይወርዳሉ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ዓሣ ሊጠይቁን። አንገታቸው ላይ አበባ ይጠለቃል፣ የመጀመሪያው ኮኮናት ለነሱ ይከፈታል፣ አዲሱ ሰሌን ለነሱ ይነጠፋል፤ አጎቴ ኡሪያም እንኳ፣ ለማንም ዝቅ ብለው የማያውቁት ሰውዬ፣ በነሱ ፊት ሲያልፉ ጎንበስ ይላሉ። ክፍላችን ውስጥ ወንዶቹ መርከበኛ፣ ሴቶቹ ነርስ መሆን ሲመኙ እኔ ከአውሮፕላን መውረድ ተመኘሁ። ከዚያ ባሕር ተሻግሬ ሱቫ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ከሱቫ በስኮላርሺፕ ወደዚህ ወደ ካንቤራ መጥቼ ሁለተኛ ዲግሪዬን ተማርኩ፣ በየማመልከቻው ላይ "ወገኖቼን የማገልገል ጽኑ ፍላጎት" እያልኩ እጽፍ ነበር። ውሸት አልነበረም። ግን መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ማንም ስለማይሰማኝ እውነቱን ልናገረው፤ መጀመሪያ የፈለግኩት ልማቱን አልነበረም፣ ሰሌኑን ነበር።

አገኘሁትም። ዲግሪዬን በያዝኩ በአራተኛው ወር ድርጅቱ በሦስት ወር ውል አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረኝ፣ የመጀመሪያ ጉዞዬም የገዛ መንደሬ ሆነ። ኮፍያ አድርጌ ወረድኩ። አበባውን ያጠለቀችልኝ የራሴ እናት ናት፣ ስታጠልቅልኝም በጆሮዬ "ክብርት እንግዳ፣ ሸሚዝሽን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው" አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ ሌሊት በጨለማ ነበር የለበስኩት። ሁለታችንም ሳቅን። አሁንም ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ ከዚያ በፊት የነበርኩት ሰው ትናፍቀኛለች፣ ግማሽ ቀን ያህል ብቻ ነበር የቀራት።

ፕሮጀክቱ መልካም ነበር፣ ይህን ማንም አይክድም። መሬታችን ከባሕር ብቅ ያለች ቀጭን አሸዋ ናት፤ ጥቂት ቆፍረሽ ብትወርጂ የሚጠጣ ውሃ ታገኛለሽ፣ ትንሽ ከጨመርሽ ጨው ነው። ሴቶች ከየጓሮው ጉድጓድ በባልዲ ይቀዳሉ፣ ሕፃናት በየጊዜው ሆዳቸውን ይታመማሉ። ድርጅቱ በደሴቲቱ መሃል ከመሬት ሥር ቱቦ ዘርግቶ፣ በፀሐይ በሚሠራ ፓምፕ ውሃውን እየሳበ በየደጁ ቧንቧ ሊያቆም ነው። መሃሉ ላይ ግን የባባይ ጉድጓዶቻችን አሉ። ባባይ የጎደሬ ታላቅ ወንድም ነው። የአያት ቅድመ አያት ጉልበት ውሃው ድረስ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ይተከላል፣ ሰው ቅጠልና አፈር በሥሩ እየጠቀጠቀ ለዓመታት እንደ ልጅ ያሳድገዋል፣ ለትልቅ ድግስ ካልሆነ አይነቀልም። አንድ ሰው የኛ መሆኑ የሚታወቀው ጉድጓዱ የቱ እንደሆነ ሲጠየቅ በጣቱ ማሳየት ከቻለ ነው።

ያንኑ ጠዋት ማኔያባው ውስጥ ገባን። እኔ በእንግዶቹ በኩል ከፊሊፓ ጎን፣ አዲሱ ሰሌን ላይ ተቀመጥኩ። ፊሊፓ ከወረቀቷ እያነበበች መባል ያለበትን ሁሉ አለች፣ አንድም አላጎደለችም፤ "ካልፈለጋችሁ እምቢ ማለት ትችላላችሁ፣ ጊዜ ካስፈለጋችሁም ተመልሰን እንመጣለን" አለች፣ እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩ፣ እስከዚያ ድረስ ንጹሕ ነኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ "ውሃውን ከመሃል ስትስቡት ባሕሩ ከሥር ሆኖ ዝም ብሎ የሚያያችሁ ይመስላችኋል?" አለ። መሐንዲሱ ተሰልቷል፣ ምንም አይሆንም ብሎ መለሰ። ሌላው ሽማግሌ አያቱ ጉድጓዱን ሲቆፍር ስንት ጥፍር እንደነቀለ መተረክ ጀመረ፣ ትረካው አርባ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ዝም ተባለ። ፊሊፓ ሰዓቷን ታያለች። አውሮፕላኗ ከሰዓት ትመለሳለች፣ ቀጥሎ የምትመጣው ከአራት ቀን በኋላ ነው፣ ፊርማው የበጀት ዓመቱ ሳያልቅ ካልደረሰ ገንዘቡ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። "የት ደረስን?" ትለኛለች በሹክሹክታ። የት እንደደረስን እኔ አውቃለሁ። በኛ ዘንድ ሽማግሌ ስለ አያቱ መተረክ ከጀመረ እምቢ እያለ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝምታም እንግዳው ሳያፍር በራሱ ጊዜ ተነሥቶ እንዲሄድ የተተወለት በር ነው። ይህን ስሜን በማውቀው መጠን አውቀዋለሁ። "እምቢ ብለዋል" ማለት ሁለት ቃል ነበር። ፊሊፓም ክፉ ሰው አይደለችም፣ ዕቃዋን ሰብስባ ትሄድ ነበር። ግን የመጀመሪያ ጉዞዬ በባዶ እጅ ሊያልቅ ነው፣ ውሌ ደግሞ የሦስት ወር ነው።

ተነሣሁ። ጎንበስ ብዬ በሰሌኖቹ ላይ አልፌ ወደ አጎቴ ኡሪያም ሄድኩ። ማኔያባ ውስጥ እያንዳንዱ ወገን የራሱ መቀመጫ አለው፣ ከዚያ ሆኖ ካልሆነ አይናገርም፤ አጎቴ ስመጣ ሲያዩ ፊታቸው በራ፣ ፈቀቅ ብለው የሰሌኑን ጫፍ በእጃቸው ጠረጉልኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና "እኔ የኡሪያም እህት ልጅ ነኝ" አልኩ፣ "ወገኖቼ፣ ቡቡቲ እላችኋለሁ። መሬቱን ስጡኝ።"

ቡቡቲ ልመና ነው፣ ግን ለማኙን "እግዜር ይስጥህ" ብለሽ ታልፊዋለሽ፣ ቡቡቲ ያለሽን ዘመድ ግን ማለፊያ የለሽም። ብስክሌትሽን ቢል ብስክሌትሽን፣ የለበስሽውን ቢል የለበስሽውን ትሰጪዋለሽ፣ እምቢ ያለ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን ልጆቹም ያፍሩበታል። ለዚህም ነው ሰው ቡቡቲ ሲል የሚፈራው፣ ደጅ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ የሚመለሰው፣ ሌላ መውጫ ሲያጣ ብቻ የሚለው። ለራሱ ችግር ነው የሚለው። ለቢሮ፣ ለፊርማ፣ ለበጀት ዓመት ቡቡቲ ያለ ሰው ከኔ በፊት አልነበረም። አጎቴ ዞር ብለው አዩኝ። ቢቆጡ ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ። አልተቆጡም፤ አንድ ሰው በራሱ ቤት ውስጥ የማያውቀውን በር ሲያገኝ እንደሚያየው አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ልጃችን ጠይቃለች። የኛ ወገን ሰጥቷል" አሉ። ሌላውም ወገን በጭብጨባ ሰጠ፣ ሌላውም፣ እየተከታተለ። የእማማ ሩታ ጉድጓድ ለፓምፑ ከሁሉም የቀረበ ነው፣ እሷ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት፣ በሷ ፈንታ ወንድሟ "ሰጥተናል" ሲል እሷ ከሁሉም ዘግይታ አጨበጨበች። ያ ጭብጨባ ብቻውን ይሰማኛል፣ ሌሊት ስተኛም፣ ማለቴ ሳልተኛ። ፊሊፓ ወረቀቶቹን እየሰበሰበች "ምን አልሻቸው?" አለችኝ። "ጠቅለል አድርጌ አስረዳኋቸው።" "ተሰጥኦ ነው ያለሽ" አለች። ሪፖርቱ ላይ "ሙሉ ስምምነት ተደርሷል" ብዬ የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ውሃው ፈሰሰ። እናቴ ቧንቧውን ስትከፍት ስትዘጋ ቀርጻ ላከችልኝ፣ ስምሽን እያነሣን እንጠጣለን አለችኝ። በሁለተኛው ዓመት ዝናብ ጠፋ፣ ፓምፑ ግን ፀሐይ እስካለ ድረስ ይስባል፣ ፀሐይ ደግሞ እኛ ጋ መች ጎድሎ ያውቃል። የባባዩ ቅጠል ከዳር ጀምሮ ቢጫ ሆነ፣ የጉድጓዱም ውሃ ጨው ጨው አለ። መሐንዲሱ ድርቁ ነው ብሎ ጻፈ። ሊሆን ይችላል፣ ምናልባት ድርቁ ነው፣ እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ግን ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በትክክል ይህንን ፈርተው ጠይቀው ነበር፣ አፋቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ እደውላለሁ። "ባባዩስ?" እላለሁ። "ደህና ነው" ትለኛለች እናቴ፣ ቀጥላ የማን ልጅ እንደወለደች ትነግረኛለች። አጎቴን እጠይቃቸዋለሁ። "ሩዝ አለ" ይላሉ። እማማ ሩታ ለልጅ ልጇ ሠርግ ያቆየችውን ባባይ ብትነቅለው ውስጡ በስብሶ ተገኘ፣ ይህን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። በሠርጉ ላይ ሩዝ ቀረበ። ሩዙን የላክሁት እኔ ነኝ፣ እማማ ሩታም በምርቃቱ ላይ ስሜን ጠርታ አመሰገነችኝ። አንድ ሰው ቢሰድበኝ፣ አንድ ሰው፣ በአንድ እግሬ ቆሜ አመሰግነው ነበር።

"ጊዜው አልቋል" ትላለች ልጅቷ በሩን ከፍታ። ማስታወሻዬን አየሁት፣ ባዶ ነው።

ሦስት ናቸው፤ ፊሊፓ፣ ከሰው ኃይል ክፍል የመጣ ቀጭን ሰውዬ፣ አንዲት ሴት ደግሞ ከሌላ ከተማ ሆና በስክሪን ላይ። አይስቁም፣ ራሳቸውን አይነቀንቁም፣ ደንቡ ነው፣ ለሁሉም ተፈታኝ እኩል ፊት መታየት አለበት። ፊሊፓ እንኳ ትናንት ሾርባዋን ያካፈለችኝ ሰው አትመስልም። አንደኛውን መለስኩ፣ ሁለተኛውን መለስኩ። ሰውዬው ሦስተኛውን አነበበ፣ ከንፈሬም እንደልማዱ "ሁኔታው" ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ ቆመ። ውሃ ጠጣሁ። ከዚያ ነገርኳቸው። ማኔያባውን፣ የአያቱን ትረካ፣ ዝምታውን፣ የአጎቴን ሰሌን፣ ቡቡቲን፣ የእማማ ሩታን ጭብጨባ። እኔ ነኝ ያደረግኩት አልኳቸው፣ ያን "እኔ" የሚሉትን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ በትክክለኛ ቦታው የተጠቀምኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስክሪብቶዎቹ ይጫጭራሉ። ፊሊፓ ቀና አላለችም። ሰውዬው ከወረቀቱ ላይ "ከዚህ አጋጣሚ ምን ተማሩ?" ብሎ አነበበ።

"ማፈርን።"

"ይቅርታ፣ ማፈርን ነው ያሉት?"

"አዎ፣ ማፈርን።"

ጻፈው። አራተኛውና አምስተኛው ምን እንደነበሩ አላስታውስም። ስወጣ ሰውነቴ ቀለለኝ፣ አለቀ አልኩ፣ በሰኔ ወደ ቤት፣ ይሁን፣ ቢያንስ ፊቴን ይዤ እመለሳለሁ። መንገድ ማዶ ካለው ዳቦ ቤት የሥጋ ፓይ ገዝቼ ቆሜ በላሁ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ርቦኝ። ከበላሁ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ነገሮች በዓይኔ እየለቀምኩ በየትኛው ካርቶን እንደምከታቸው ሳስብ ቆየሁ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተኩል ላይ ፊሊፓ ቢሮዋ ጠራችኝ፣ በሩን ዘጋችና አቀፈችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። "ሥራው ያንቺ ነው" አለች። "ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ከሦስታችንም ሙሉ ነጥብ ነው ያገኘሽው። ሌሎቹ እኮ ስኬት ስኬታቸውን ብቻ ነው የነገሩን። አንቺ ግን ራስሽን መመርመር የምትችዪ ሰው ነሽ። እኔም ብሆን ያን ቀን ሰዓቴን ሳይ ነበር፣ ቴሬቲያ፣ እሱን አስቤው አውቃለሁ።"

"ፓምፑስ?" አልኳት።

"የቱ ፓምፕ?"

"የኛ መንደር።"

"እሱማ ለመንግሥት ተላልፏል፣ ፋይሉ ከተዘጋ ቆየ" አለች፣ አዝና ነው ያለችው፣ አዝና መሆኗን አይቻለሁ። "ግን ያልሽውን በሥልጠናው ውስጥ እናስገባዋለን፣ ሌላው ይማርበት። አራቱ ደሴቶች ላይ በትክክል ነው የምንሠራው። ሁለቱ ላይ ዘመድ አለሽ አይደል? እሱ በጣም ይጠቅመናል።"

አዎ አልኩ። አመሰግናለሁ አልኩ። ከዚህም የባሰውን ልናገር፤ ደስ አለኝ። የራሴ የሚሆን አፓርታማ ታየኝ፣ በካርዴ ላይ ስሜና ማዕረጌ ተጽፎ ታየኝ፣ ከአውሮፕላን ስወርድም ታየኝ። ኃጢአቴን ተናግሬ ደመወዝ ተጨመረልኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ የተናገርኩት ለምን እንደሆነ ራሴንም ተጠራጠርኩት፣ እንዲህ እንደሚወዱት ከውስጤ የሆነ ቦታ አላውቅም ነበር ወይ? አላውቅም። አውቶቡሱ ውስጥ ቆሜ፣ ሰው በሙሉ ስልኩን እያየ፣ እኔ መስታወቱ ላይ ፈገግ ያለ ፊቴን አይቼ ቶሎ ዞርኩ።

ለነሱ ልንገራቸው አልኩ። ለባዕድ የተናገርኩትን ለባለቤቶቹ ሳልናገር እንዴት አድራለሁ፣ ይቅርታ እላለሁ፣ ስለ ሥራውም እነግራቸዋለሁ፣ ምን እንደሚሉ እሰማለሁ። ቤት ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ደወልኩ። እዚያ ሁለት ሰዓት ይቀድማሉ፣ ራት በልተው ውጭ ተቀምጠዋል። እናቴ ናት ያነሣችው፣ ፊቷን ስልኩ ላይ ለጥፋ ግንባሯ ብቻ ይታየኛል።

"ከስተሻል" አለች።

"ግንባርሽን ነው የማየው እማ፣ አንቺ ምኔን አይተሽ ነው?"

"ድምፅሽ ከስቷል። ሳንድዊች ብቻ ነው አይደል የሚያበሉሽ? በርዶሻልም። ባል ቢኖርሽ እኮ ማሞቂያውን ማጥፋት ትችዪ ነበር።" ከኋላዋ ሴቶች ሲስቁ ይሰማኛል። "ቆይ፣ አጎትሽ ሊያናግሩሽ ይፈልጋሉ፣ ከጠዋት ጀምረው ስትደውዪ እየጠበቁ ነው።"

ከጠዋት ጀምረው። አጎቴ ስልክ አይወዱም፣ ሁልጊዜ ሁለት ቃል ብለው ለእናቴ ይመልሱላታል።

"ቴሬ" አሉ።

"አቤት አጎቴ። እንዴት አመሹ?"

"ደህና። ዓሣ ዛሬ ደህና ነበር። እዚያ ብርዱ እንዴት ነው?"

"አለ። አጎቴ፣ የምነግርዎት ነገር ነበረኝ…"

"እኔም አለኝ፣ እኔ ላስቀድም" አሉ። ስልኩን ይዘው ከሰዎቹ ራቅ ሲሉ የእግራቸው ኮቴ ጠጠሩ ላይ ተሰማኝ። "ማዶ ባለው ደሴት የሚኖረው የዘመዳችን ልጅ ምክር ቤቱ ውስጥ ነው የሚሠራው። ወረቀት መጥቷል አለኝ። ስለ ውሃ ሊጠይቁ ወደ አራት ደሴቶች ይመጣሉ፣ ቴሬቲያ ትመራቸዋለች ተብሎ ተጽፏል። እውነት ነው?"

እኔ ሳልመረጥ ስሜ ቀድሞኝ ደርሷል። "እውነት ነው" አልኩ። "ዛሬ ነው የነገሩኝ።"

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ድምፃቸውም ተለወጠ፣ የማኔያባው ድምፅ ሆነ፣ ቀስ ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል የሚያስቀምጥ። "ቴሬቲያ። የእህቴ ልጅ። እኔ ከተወለድሽ ጀምሮ ካንቺ አንዳች ነገር ጠይቄሽ አላውቅም።"

"አያውቁም አጎቴ።"

"ስላለፈው አላነሣም። የተሰጠ ተሰጥቷል። አሁን ግን ቡቡቲ እልሻለሁ። ወደ እነዚያ ደሴቶች አትሂጂ። ያንን ሥራ ተዪው። ሌላ የፈለግሽውን ሥሪ፣ እዚያው ሆነሽ ሰሃን ብታጥቢ አናፍርብሽም። ግን በኛ ስም ከሰው መሬት አትጠይቂ። ይኸው ነው።"

መልሱ አንድ ቃል ነው። እሺ። በዘሬ ቆጥሬ ሌላ ቃል የመለሰ ሰው አላውቅም። አጎቴ አልቸኮሉም፣ አልደገሙትም፣ እንዴት ይደግሙታል፣ መልሱ እኮ አጠራጥሯቸው አያውቅም፣ እንደ ትንፋሽ የሚመጣ ነገር ነው። ማዕበሉ ከኋላቸው ይሰማኛል። አንድ ሕፃን ያለቅሳል፣ እናቴ ታባብለዋለች። ጥርት ብሎ ይሰማኛል፣ ከጎኔ ክፍል ያሉ ያህል፣ የአጎቴ ትንፋሽ ሳይቀር። እሺ በይ ቴሬቲያ። አፌን ከፈትኩ። "አጎቴ?" አልኩ። "ሃሎ? አጎቴ? አይሰማኝም። ሃሎ? ኔትወርኩ ነው መሰለኝ፣ አይሰማኝም…" እያልኩ በአውራ ጣቴ ቀዩን ተጫንኩት።

ካፖርቴን እንደለበስኩ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። እነሱ ያን ቀን የሚጫኑት ነገር አልነበራቸውም። እጃቸውን ሰሌኑ ላይ አድርገው፣ የገዛ ልጃቸው ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ አንድ በአንድ ሰጥተዋል። መልሼ መደወል እችላለሁ፣ አሁኑኑ፣ ኔትወርኩ መጣ ማለት እችላለሁ፣ ደግሞም እሺ ማለት እችላለሁ፣ ደቂቃ አይፈጅም። ስልኩን አየዋለሁ፣ አልነካውም። ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የምፈርመው ውል አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ አሰብኩ፣ ግን እንዲህ ያለው ነገር ለሚያፍር ሰው ነው፣ የሚያፍር ሰው ቀዩን አይጫንም።

ስልኩ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተንቀጠቀጠ። ከአጎቴ የድምፅ መልእክት ነው፣ በዕድሜያቸው የላኩልኝ የመጀመሪያው፣ እናቴ አሳይታቸው መሆን አለበት። ብዙ ቆይቼ ከፈትኩት። ድምፃቸው የማኔያባው አልነበረም፣ ልጅ ሳለሁ ታምሜ አጠገቤ ሲቀመጡ የሚያወሩበት ድምፅ ነው።

"ቴሬ፣ እዚህ ኔትወርኩ ክፉ ነው። ገና ሰላምታ ላይ ሳለን ነው የተቋረጠው። ምንም አልጠየቅኩሽም። ራትሽን ብዪ።"